የቀማሿ ጣቶች

በከረሜላ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ቀማሿ ነበር የሚሏት። ገና ልጅ እግር ሳለች፣ መጠቅለያ ወረቀት ልትቆርጥ ተቀጥራ በገባች በሳምንቷ፣ ባለቤቱ ከሚፈላው ድስት ጠብታ አቅምሰው ምን እንደጎደለው ጠየቋት። ለቀልድ ነበር የጠየቋት። እሷ ግን ጠብታዋን ከምላሷ ወደ ላንቃዋ፣ ከላንቃዋ ወደ ጉንጯ ካዞረች በኋላ «ሎሚው ቸኩሏል» አለች። ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሎሚ ደግሞ የት ለመድረስ ይቸኩላል? ባለቤቱ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሰው፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ድስት ጠባቂውን ቢጠይቁት ሎሚውን እውነትም ከሰዓቱ አስቀድሞ ጨምሮት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእሷ ምላስ ሳይቀምሰው አንድ ድስት ከረሜላ ከእሳት አልወረደም።

ቤቱ ትልቅ አልነበረም። ሁለት ምድጃ፣ አንድ ረጅም የእብነ በረድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተተከለ የክንድ ውፍረት ያለው ብረት፣ ከጓሮ ደግሞ አንድ የውሃ ቧንቧ። ስኳሩና ማሩ ከሎሚ ጋር ይፈላል፤ ሲደርስ ዘይት በተቀባው እብነ በረድ ላይ ይፈስሳል፤ ለእጅ ሲበርድ ብረቱ ላይ ጥለው እስኪነጣ ድረስ ይጎትቱታል፤ ከዚያ እንደ ገመድ ይድቦለቦልና በመቀስ ይቆረጣል። ቀማሿ ድስቱ መድረሱን የምታውቀው ጠብታ እብነ በረዱ ላይ ጥላ፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አድቦልቡላ፣ ኋላም ምላሷ ላይ አኑራ ነው። ጣቷ ያልጨረሰውን ምላሷ ይጨርሰዋል።

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ ውሃ የከረሜላ ጠላት ነው። አንድ እርጥብ እጅ ከነካው ያ ሁሉ እንደ መስተዋት የጠራ ነገር አሸዋ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ጠዋት ሲገቡ በሳሙና ይታጠባሉ፤ ከዚያ በኋላ ምሳ እስኪደርስ ቧንቧው የለም ማለት ነው። እጅ ሲያጣብቅ ዘይት በነካው ደረቅ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው። ማታ ሊወጡ ሲሉ በሙቅ ውሃ ይለቀለቃሉ። ይህን ከመልመዳቸው ብዛት ጣታቸው መጣበቁን ራሱ ረስተውታል። ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ጠጉሩ መንጣቱ መች ይታየዋል።

ያገባችው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ መቶ ሰው ሲጮህበት ስለሚውል ቤቱ ሲገባ ዝም ማለት የሚወድ፣ ደግ ግን ፈራ ተባ የሚል ሰው። አማቷም አብረዋቸው ይኖራሉ። አማቲቱ ስኳር በሽታ ከያዛቸው ሃያ ዓመት አልፏል፤ በየቀኑ መርፌ ይወጋሉ። በሽታው ግራ ዓይናቸውን ወስዶ ቀኙንም አደብዝዞባቸዋል። ስኳሩ ድንገት ወርዶ ሲያንቀጠቅጣቸው የሚጎርሷት አንዲት ከረሜላ በመሀረባቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዛሉ። እሷኑም ቢሆን ከምራታቸው እጅ ተቀብለው አያውቁም፤ ከሱቅ ነው የሚገዟት። «ጠላቴን በገንዘቤ» ይላሉ ሲቀልዱ። ቀልዱ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ዓይናቸውን ያጠፋው ነገር ልጃቸው ቤት በምራት ስም የገባ ይመስላቸው ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ምራታቸውን ክፉ ተናግረዋት አያውቁም፤ እጇን ይዘዋትም አያውቁም።

ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን ከሐኪም ቤት ተመልሳለች። የመጀመሪያው ገና አራት ወር ነበር፤ ሰዉም ገና ነው፣ ይመጣል ብሎ አለፈው። ሁለተኛው ግን ሰባት ወር የደፈነ፣ በሆዷ ውስጥ ሲገላበጥ የምታውቀው፣ አባቱ አልጋ ያሠራለት ነበር። አልጋው ተፈታትቶ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተደበቀ። ሦስተኛውን ስታረግዝ አልጋውን የጠቀሰው ሰው የለም። ስድስተኛ ወሯን ስትይዝ እንኳ ከአማቷም ከባሏም ከራሷም አፍ «ሲወለድ» የምትል ቃል አልወጣችም።

የነፍሰ ጡር ምርመራ የሚሰጠው ጤና ጣቢያ ከከረሜላ ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነው፤ ወረፋው ደግሞ ረጅም። ምሳ በልቼ ልሂድ ያለች ሴት ሳትታይ ትመለሳለች። ስለዚህ ቀማሿ ሌሎቹ ወደ ቧንቧው ሲሄዱ እጇን በጨርቅ ጠርጋ፣ ሽርጧን አውልቃ፣ በሩጫ ነበር የምትወጣው።

በስድስተኛ ወሯ ምርመራ የተቀበለቻት አዲስ የመጣች ወጣት ነርስ ነበረች፤ እጀ ፈጣን፣ አፈ ፈጣን። ጣቷን አልኮል በነካው ጥጥ ጠረግ፣ በመርፌ ጠቅ፣ ደሙን ወደ ትንሿ መሣሪያ ጠጋ አደረገችና ቁጥሩን አይታ ፊቷ ተለወጠ። መቶ ሰማንያ ስድስት። ከመቶ አርባ መብለጥ እንደሌለበት ነገረቻትና ሥራዋ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ከረሜላ ቤት ነው ስትላት ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በቃ፣ ሌላ ምን ልመርምር። ከማር ጋር የዋለ ጣቱን መላሱ አይቀርም።»

ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ አስቀምጦ አስረዳት። በእርግዝና ጊዜ የእናቲቱ ስኳር ከመጠን ሲያልፍ ወደ ልጁ ይሻገራል፤ ልጁ ያለቅጥ ይገዝፋል፤ ምጥ ይከብዳል፤ አንዳንዴም፣ አለና ቃሉን በዓይኑ ሲፈልግ ቆየ። እሷ ቃሉን ታውቀዋለች። ደም ከክንድ ተቀድቶ በትልቁ ላቦራቶሪ መታየት እንዳለበት፣ ወረፋው ግን አንድ ወር ሙሉ መያዙን ነገራት። እስከዚያ ጣፋጭ የሚባል ነገር እንዳትቀምስ፣ በየሳምንቱም እየመጣች እንድትታይ አዘዘ።

ያን ዕለት ከሰዓት ለጋሼ ነገረቻቸው። ጋሼ ከድስቱ አራቋት፤ ቅምሻውን ለድስት ጠባቂው ሰጥተው እሷን ብረቱ ጋ አቆሟት፣ መጎተት ብቻ። አሥራ አንድ ዓመት ያልተለያት የጠብታ መቅጃ ማንኪያ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ሆዷ ባባ፤ ነገር ግን ለልጄ ሲባል ምላሴንም ልቁረጠው ብላ ዋጠችው። ቤትም ገብታ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣች። እህል ውሃ የማይል ነገር ሆነባት። እንዲህም ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ቅንጣት ከረሜላ በአፏ አልዞረችም።

በሳምንቱ ሄደች። ሁለት መቶ ሦስት።

ነርሷ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፈችና ቀና ብላ አየቻት። ስድብ ይሻል ነበር። ቀማሿ አልበላሁም ብላ ማለች፤ ነርሷም መሣሪያው ማንንም ስለማያውቅ ለማንም አይዋሽም አለቻት።

ወሬው ቤት ሲደርስ የአማቷ ፊት ጠቆረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ከሥራ ስትገባ በር ላይ የሚቀበሏት እሳቸው ሆኑ። ካፖርቷን ተቀብለው የሚሰቅሉ ይመስላሉ፤ ጣታቸው ግን ኪሶቹን ይዳብሳል። ሰላም ለማለት ጠጋ ይሉና አፏን ያሸታሉ። አንድ ቀን ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ገልብጠው፣ በደበዘዘ ዓይናቸው እያንዳንዱን ብጥስጣሽ ወረቀት ወደ ብርሃን እያነሡ ሲያዩ ደረሰችባቸው። አላፈሩም። አንድ ዓይን የቀረው ሰው ካልጠረጠረ ይመነጠራል፣ አሉና ዕቃዋን መልሰው አስገቡ።

ቀማሿ ዳቦ ተወች። ቀጥላ ድንች ተወች። ምስርና ጎመን ብቻ፣ እሱንም በትንሽ ሰሃን። መቀስ ያዧ፣ ከብረቱ ወዲያ ቆማ ከረሜላውን የምትቆርጠው የልብ ጓደኛዋ፣ ስትከሳ እያየች ዝም ማለት አልቻለችም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አለቻት፤ «አንቺ ግን እያደርሽ የምትጠሪው አጥንትሽ ነው።»

ሦስተኛው ሳምንት ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ሆነ።

ሐኪሙ ራሱ ወጥቶ አነጋገራት። በሚቀጥለው ሳምንት ከሁለት መቶ በታች ካልወረደ ያኑ ዕለት መርፌ ትጀምራለች፣ ስኳር የሚያወርደውን መርፌ። ሌላ ምርጫ የለም አለ። ያን ማታ ራት ላይ ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ። እናቱ ወደ ጓዳ እስኪገቡ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እውነቱን ብትነግረው እንደማይቆጣት፣ አመል ሰውን እንደሚያሸንፍ፣ እሱም ሲጋራ ለመተው ሦስት ጊዜ እንደሞከረ ነገራት። ለስላሳ ነበር አነጋገሩ። ልስላሴው ነው ልቧን ስንጥቅ ያደረገው። የሚቆጣሽን ሰው ይመልሱለታል፤ ይቅር የሚልሽን ሰው ግን፣ ላላጠፋሽው ጥፋት፣ ምን ይሉታል?

ከዚያ ወዲያ ራሷን መጠራጠር ጀመረች። ሰው በእንቅልፍ ልቡ ይበላል እንዴ? የከረሜላ ቤቱ እንፋሎት በአፍንጫ ይገባ ይሆን? ልጁ በሆዷ ውስጥ ሲገላበጥ ቀስ ብላ ትቆጥረዋለች። ጠዋት አራት ጊዜ፣ ከሰዓት ሁለት ጊዜ። ሰባተኛ ወር እየገባች ነው። የዚያኛውም እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ አራት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ዝም። ሆዷን አቅፋ «አንተ ግን ታውቃለህ» ትለዋለች። «የበላሁትን የምታውቀው አንተ ነህ።»

የአራተኛው ምርመራ ቀን ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ወጣች። ባዶ ሆድ ከሆንኩ ይወርዳል ብላ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ብረቱ ላይ ቆማ ስትጎትት ዋለች፤ ከረሜላው ከአንድ ክንድ ወደ ሁለት ክንድ እየተዘረጋ፣ እየታጠፈ፣ እንደገና እየተዘረጋ። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ድረስ ያብለጨልጩ ነበር። ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ በሩ ጋ ጥላ ቆመ። ቀና ብትል አማቷ ናቸው።

ጋሼ ደንግጠው ወንበር አቀረቡ። አማቲቱ ምርመራው ላይ አብረው ሊሄዱ እንደመጡ ተናገሩ፤ ነገሩ ግን ለማንም አልተሰወረም። እጅ ከፍንጅ ሊይዟት ነው የመጡት። መቀስ ያዧ አንገቷን ሳታቀና፣ ዛሬ የሚቆረጠውን ከረሜላ ቆጥሬ ላስረክብዎት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አማቲቱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ወንበሩ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠው በቀረቻቸው ዓይን ምራታቸውን ተከተሉ። ያዩት ግን ሌላ ነገር ነው። እጇ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አፏ አልሄደም። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሁለት ጊዜ ብረቱን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። መቀስ ያዧ ቁራጭ ዳቦ ብትዘረጋላት ራሷን ነቀነቀች።

ሰዓቱ ሲደርስ ቀማሿ እጇን በጨርቁ ጠርጋ ሽርጧን አወለቀች። ከበሩ እስከ መንገዱ ስድስት ደረጃ አለ፤ የመጨረሻው ተሰብሯል። አማቲቱ ደረጃው አይታያቸውም። ቆሙ፣ ዘንጋቸውን አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ አደረጉና፣ ሌላ የሚያዝ ነገር ስላጡ የምራታቸውን እጅ ያዙ።

ሁለቱን መንገድ እንዲያ ሆነው ተሻገሩ፤ ማን ማንን እንደሚመራ አይታወቅም። ቀማሿ ጉልበቷ ይብረከረካል፤ መኪናው፣ ሱቁ፣ ሰዉ ሁሉ በጭስ ውስጥ የሚሄድ ይመስላታል። ስለ አሮጊቷ እጅ ማሰብ አልቻለችም። የምታስበው ስለ ቁጥሩ ብቻ ነው። አማቲቱ ግን መንገዱን ሙሉ ያንን እጅ በእጃቸው ያዳምጡት ነበር። ቀዝቃዛ ነው። እርጥብ ነው። ከውስጡ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። ይህን እጅ ያውቁታል። የራሳቸው እጅ ነው፤ ስኳሩ ሲወርድባቸው፣ መሀረባቸውን ለመፍታት ሲታገሉ የሚሆነው እጃቸው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ እጃቸውን ሊለቁ ሲሉ መዳፋቸው እንደ ሙጫ ተይዞ ቀስ ብሎ ተላቀቀ።

ወረፋው ደርሶ ገቡ። ነርሷ አማቲቱን ስታይ ደስ አላት፤ ከቤት የሚቆጣጠር ሰው መምጣቱ ጥሩ ነው አለች። ጥጥ፣ መርፌ፣ ጠብታ። ክፍሉ ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር የሚሰማው። መሣሪያው ጢጥ አለ።

ሁለት መቶ አርባ ስድስት።

ቀማሿ ጮኻ አላለቀሰችም። እንባዋ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ እንደ ቧንቧ ወረደ። ነርሷ የሐኪሙን ትእዛዝ ካርዱ ላይ አነበበች፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ ብልቃጡን አወጣች፣ መርፌውን ሞላች። የሆድሽን ጎን ግለጪ አለቻት። ቀማሿ ለልጇ ይበጃል የተባለችውን ሁሉ ስታደርግ የኖረች ሴት፣ ይህንንም ልታደርግ ልብሷን ሰበሰበች።

«ቆይ ልጄ» አሉ አማቲቱ። «መርፌውን አስቀምጪው።»

ነርሷ መርፌዋን እንደያዘች ዞረች። «እማማ፣ ከውጭ ብዙ ሰው ይጠብቃል።»

«ይጠብቅ። ሃያ ዓመት ይህንን መርፌ ስወጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስኳር ሲወጣ ሰውን ያስጠማል፣ ያቃጥላል። እንዲህ እጅ አያቀዘቅዝም፤ እንዲህ አያልብም። ይቺ ልጅ ወርዶባታል እንጂ አልወጣባትም።»

«መሣሪያው እኮ አይዋሽም።»

«አልዋሸም። የነካውን ነው የተናገረው።» ይህን ብለው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን የምርመራ ካርድ በመዳፋቸው ጫን አደረጓት። እጃቸውን ሲያነሡ ካርዷ አብራ ተነሣች፤ መዳፋቸው ላይ ተለጥፋ ተንጠለጠለች። «ይህ የኔ እጅ ነው። ከሷ እጅ የተረፈኝን ብቻ ነው የያዝኩት። የሷን አስቢው።»

አማቲቱ ቀጠሉ። እዚህችው ክፍል፣ እዚህችው ወንበር ላይ፣ ከዓመታት በፊት ብርቱካን ልጠው በልተው መጥተው መሣሪያው ሦስት መቶ ብሎባቸው ነበር። ያን ጊዜ የነበረችው ነርስ፣ ዛሬ ጡረታ የወጣችው፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ ብላ አስነሣቻቸው፤ ታጥበው ሲመለሱ መቶ ሠላሳ ሆነ። አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ ስኳር አያጥብም ብላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይታጠቡ ጣታቸውን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። «ይቺ ደግሞ» አሉ ወደ ምራታቸው ሳይዞሩ፣ «ቀኑን ሙሉ ከማር ጋር ትውላለች፤ ከረሜላ ቤታቸው ውስጥ ውሃ አይነካም። ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ወደ አፏ ግን አንድም ጊዜ አልወሰደችም። እሱንም አየሁት።»

ነርሷ ፊቷ ፍም መሰለ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የቸኮለች ሰው ናት። መርፌውን ትሪው ላይ አኖረች፣ ቀማሿን ደግፋ ወደ መታጠቢያው ወሰደቻት፣ ሳሙናውን ራሷ ያዘችላት። ቀማሿ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አሸች፤ ውሃው በጣቶቿ መሀል ሲወርድ በመጀመሪያ ለሰስ ያለ፣ ኋላ ንጹሕ ሆነ። በንጹሕ ፎጣ አደረቀች። ሌላ ጣት፣ ሌላ መርፌ፣ ሌላ ጠብታ። መሣሪያው ጢጥ አለ።

ሃምሳ ስምንት።

ነርሷ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ ትሪው ላይ ያለውን የተሞላ መርፌ አየች። ያ መርፌ ገብቶ ቢሆን፣ በዚህ ላይ... ትሪውን ወዲያ ገፋችው። አሁኑኑ ጣፋጭ ነገር ትፈልጋለች፣ ከረሜላ የያዘ አለ ወይ ብላ ዙሪያዋን ተመለከተች። ከዚያ ቀማሿን ተመለከተቻት፤ ከረሜላ ቤት የምትሠራ አይደለች እንዴ።

ቀማሿ ኪሷን ገለበጠች። ባዶ ነበር። ሁለቱም ኪሶቿ፣ ቦርሳዋም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደተፈተሹት ባዶ ነበሩ። አማቲቱ እነዚያን የተገለበጡ ኪሶች አዩ። ተጣድፈው መሀረባቸውን አወጡ፤ ቋጠሮው አልፈታ ብሎ በጥርሳቸው ፈቱት። አንዲት ከረሜላ ወጣች። ወረቀቷን ልጠው ወደ ምራታቸው አፍ አስጠጉ።

«እማማ፣ ጣፋጭ ነው እኮ» አለች ቀማሿ።

«ዛሬ መድኃኒት ነው። ጉረሺ የኔ ልጅ።»

ጎረሰች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልነካት ነገር ምላሷ ላይ ተኛ። ከምላሷ ወደ ላንቃዋ፣ ከላንቃዋ ወደ ጉንጯ አዞረችው። ቀስ በቀስ ጭሱ ከዓይኗ ላይ ተነሣ፤ ግድግዳው ግድግዳ፣ ሰዓቱ ሰዓት ሆነ። ነርሷ የሻይ ስኳር በውሃ በጥብጣ አመጣች፣ ቀጥላም ዳቦና እንቁላል። ልጁ በሆዷ ውስጥ አንዴ ገላበጥ አለ። ሁለቴ። ሦስቴ።

«ይሄ የኛ ቤት ከረሜላ ነው» አለች ቀማሿ፣ ድምፅዋ ገና ሳይጠና።

«ባለፈው ሳምንት የገዛኋት ናት። በምን አወቅሽ?»

«ሎሚው ቸኩሏል።»

አማቲቱ ሳቁ፤ እየሳቁ አለቀሱ፤ የማያየው ዓይናቸውም አብሮ አለቀሰ።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ወረፋ አያስፈልግም ብሎ በማግስቱ ደሟ ከክንዷ ተቀድቶ በትልቁ ላቦራቶሪ ታየ። ስኳሯ ከልኩ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤ ለመርፌ የሚያበቃ አልነበረም፣ ችላ የሚባልም አልነበረም። ሐኪሙ አሁን ደግሞ የተቆጣት ስለመራቧ ነው። ምግብ እንዳትዘል፣ ዳቦዋን በልክ ከምስርና ከእንቁላል ጋር እንድትበላ፣ ከምግብ በኋላ ጥቂት እንድትራመድ ነገራት። ጣፋጭስ ስትለው፣ በባዶ ሆድና በመጠጥ መልክ አይሆንም፣ ከምግብ በኋላ ቁራሽ ነገር አልፎ አልፎ ግን አይገድልሽም፤ ልኩን የሚነግርሽ ጣትሽ ነው፣ የታጠበው ጣትሽ፣ አለ። ነርሷ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀቻት። ቀማሿ ምን እንደምትመልስ ስላላወቀች «አይዞሽ» አለቻት፤ ከሁለቱ ማን አይዞሽ ሊባል እንደሚገባው ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ ነው ያሰበችው።

ባሏ ማታ ሁሉን ሲሰማ ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ። ድሮም አምኜሽ ነበር አላት። አላመንከኝም አለችው፤ ያመነኝ አፍህ ነው። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለውን አልጋ አውጥቶ፣ መዶሻ ይዞ፣ ዝም ብሎ ይገጣጥም ጀመር። አማቲቱ ብሎኖቹን እየዳበሱ ያቀብሉት ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቤቱ ሌላ ሥርዓት ያዘ። ከምሳ በኋላ፣ እሑድ እሑድ፣ አማቲቱ አንዲት ከረሜላ በቢላ ጀርባ ለሁለት ይሰብራሉ፤ ግማሿን ለምራታቸው ይሰጣሉ፣ ግማሿን መሀረባቸው ውስጥ ይመልሳሉ። ምርመራ ቀን ጠዋትም የካፖርቷን ኪስ እንደ ዱሮው ይዳብሱ ነበር። አሁን የሚፈልጉት ቁራጭ ሳሙና መኖሩን ነው።

በዘጠነኛው ወር ላይ አንድ ረፋድ ከብረቱ ጋ እንደቆመች ምጧ መጣ። ጋሼ ራሳቸው መኪና አስቁመው ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዷት። ምጡ ረጅም ነበር፤ ባሏ አውቶቡሱን ለሌላ ሹፌር ትቶ ኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ፣ አማቲቱ አግዳሚው ላይ መሀረባቸውን ጨብጠው ተቀምጠው ነበር። ሁለት ጊዜ እዚህ ኮሪደር ላይ እንዲህ ተቀምጠው ያውቃሉ። ሁለቱንም ጊዜ በሩ የተከፈተው ያለ ድምፅ ነው።

በዚህኛው ጊዜ ግን በሩ ሳይከፈት በፊት ድምፁ ወጣ። ቀጭን፣ የተቆጣ፣ የማያቋርጥ ለቅሶ። ሴት ልጅ ናት፣ ልኳን የጠበቀች፣ ጤነኛ።

ያቺው ወጣት ነርስ በፎጣ ጠቅልላ ይዛት ወጣችና ለአያቷ ዘረጋቻት። አማቲቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ መልሰው ሰበሰቡት።

«ቆይ» አሉ። «መጀመሪያ እጄን ልታጠብ።»

ቧንቧው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበር። ልጅቷ ስታለቅስ፣ ሹፌሩ ሲስቅ፣ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር፣ ሳይቸኩሉ ይታጠቡ ነበር። ቀማሿ ከውስጥ ተኝታ የውሃውን ድምፅ ትሰማለች። ሳቋ መጣ፤ ግን ጎኗን ስላመማት በዓይኗ ብቻ ሳቀች።